ፌዶራ ሲልቨርብሉን ከ42 ወደ 43 ማሻገር፦ መብራት በሚቆራረጥበት ክፍል የሚሠራ መመሪያ

ሐዋሳ ፒያሳ አቅራቢያ በሚገኝ አነስተኛ የኮምፒውተር ማሠልጠኛና የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ስምንት ኮምፒውተሮችን እከታተላለሁ። ጠዋት ጠዋት ሠልጣኞች ይቀመጡባቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማመልከቻ፣ ደብዳቤና የመመረቂያ ጽሑፍ ይተየብባቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወር ከእነዚህ ማሽኖች አንዱን በተለመደው የሊኑክስ (የኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወና) አሠራር ከአንድ እትም ወደ ሌላው በማሻግርበት ሰዓት፣ ፓኬጆቹ (ሲስተሙ የሚገጣጠምባቸው የሶፍትዌር ጥቅሎች) ገሚሶቹ ተተክተው ገሚሶቹ ሳይተኩ መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ጥቁር ገጽ ላይ ቆሞ ቀረ፤ በማግሥቱ የመመረቂያ ጽሑፏን ማስረከብ የነበረባትን ተማሪ ፋይል ከዲስኩ ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ አደርኩ። ከዚያ በኋላ ማሽኖቹን በየተራ ፌዶራ ሲልቨርብሉ ወደተባለው የሊኑክስ ስርጭት አዛወርኳቸው። ይህ መመሪያ ሲልቨርብሉን ከፌዶራ 42 ወደ ፌዶራ 43 ለማሻገር እኔ የምከተለውን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ሲሆን፣ በተለይ መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ በየደረጃው ምን እንደሚሆን ለማስረዳት ይሞክራል።

ስለ ትእዛዞቹ አጻጻፍ አንድ ነገር አስቀድሜ ልግለጽ። ትእዛዞቹን እዚህ ያስቀመጥኳቸው እንደሚነበቡት በፊደላችን ነው፤ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ሲጽፏቸው ግን በላቲን ትንንሽ ሆሄያት ይሆናል። ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብና እዝባር ባሉበት ቦታ እንዳሉ ይጻፋሉ። የቃሉን መጀመሪያ ጽፈው የታብ ቁልፍን ቢጫኑ ተርሚናሉ ቀሪውን ስለሚሞላልዎት፣ የፊደል ስህተት እንዳይፈጠር ይህን ልማድ ያድርጉት።

ሲልቨርብሉ ከሌላው የሚለይበት

ሲልቨርብሉ በዚህ ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ከፌዶራ 29 ጋር ነው። በዚህ ስርጭት የሲስተሙ ዋና አካል የሚገኝበት «ዩኤስአር» የተባለው ፎልደር ለንባብ ብቻ የተከፈተ ነው፤ ተራ ተጠቃሚ ቀርቶ አስተዳዳሪውም በተለመደው መንገድ ፋይል ሊጨምርበት ወይም ሊቀንስበት አይችልም። ማዘመን ማለትም ያለውን ሲስተም እየነቀሉ መተካት ሳይሆን፣ አዲስ ሙሉ ቅጂ ከነባሩ ጎን አዘጋጅቶ በሚቀጥለው ሪስታርት ወደ አዲሱ መዞር ነው። ይህን ሥራ የሚያከናውነው ኦስትሪ የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ጊት የተባለው የለውጥ መዝጋቢ ለፕሮግራም ኮድ የሚሰጠውን አገልግሎት ለሲስተም ፋይሎች ይሰጣል ማለት ይቻላል። ሁለቱ ቅጂዎች የሚጋሩትን ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያስቀምጥ ቅጂው ሁለት ሆነ ተብሎ የዲስክ ፍጆታው እጥፍ አይሆንም።

የዕለት ሥራ ፕሮግራሞች፣ ማለትም የጽሑፍ ማቀናበሪያ፣ ብራውዘርና የመሳሰሉት፣ ፕሮግራምን ከሲስተሙ ለይቶ በሚጭነው በፍላትፓክ ይጫናሉ። ለፕሮግራም ሥራና ለሙከራ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች ደግሞ ቱልቦክስ በሚባለው መንገድ ኮንቴይነር (ከሲስተሙ የተለየ የሥራ ቦታ) ውስጥ ይገባሉ፤ ከሥር ሆኖ ኮንቴይነሩን የሚያንቀሳቅሰው ፖድማን ነው። ሠልጣኝ ኮንቴይነሩን ቢያበላሽ ኮንቴይነሩ ይጠፋል እንጂ ማሽኑ አይነካም። ለማሠልጠኛ ክፍል ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት እስካሁን አላገኘሁም።

ፌዶራ 43 የወጣው ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ግኖም 49ን (የዴስክቶፕ ገጽታውን) ይዞ መጥቷል፤ ምስልን ስክሪን ላይ ከሚያቀርቡት ሁለት አሠራሮች አሮጌው፣ ማለትም የግኖም የኤክስ 11 ክፍለ ጊዜ፣ በዚህ እትም ቀርቶ የሚሠራው በአዲሱ በዌይላንድ ብቻ ሆኗል። ስለዚህ መግቢያው ገጽ ላይ ኤክስ 11ን እየመረጡ ሲሠሩ የቆዩ ከሆነ፣ አሁን ባሉበት 42 ላይ ሳሉ ለጥቂት ቀናት በዌይላንድ ሠርተው ሁሉም ነገር እንደሚስማማዎት ቢያረጋግጡ ይበጃል። አንድ የፌዶራ እትም ድጋፍ የሚያገኘው ከእሱ በኋላ ሁለተኛው እትም ወጥቶ አራት ሳምንት እስኪሞላው፣ በጥቅሉ ለ13 ወራት ያህል ነው። ለመሻገር መጣደፍ አያስፈልግም፤ እኔ ብዙውን ጊዜ አዲሱ እትም ከወጣ አንድ ወር ካለፈው በኋላ እጀምራለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት

በመጀመሪያ ሰነዶችዎን በውጭ ዲስክ ወይም በፍላሽ ይገልብጡ። ሲልቨርብሉ ወደ ኋላ መመለስ ስለሚችል መጠባበቂያ አያስፈልግም የሚል አስተሳሰብ ሠልጣኞቼ ዘንድ ደጋግሜ አጋጥሞኛል፤ ስህተት ነው። ወደ ኋላ የሚመለሰው ሲስተሙ ብቻ ነው። የእርስዎ ፎልደር የሚገኘው «ቫር» በሚባለው ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ይህ ክፍል ለሁሉም ቅጂዎች የጋራ ስለሆነ በስህተት የጠፋን ሰነድ የቀድሞው ሲስተም አያመጣልዎትም።

ቀጥሎ የዲስክ ቦታ ያረጋግጡ፦

ዲኤፍ -ኤች /ቫር

በዚህ ትእዛዝ መጨረሻ ላይ የ«ቫር» መንገድ መጠቀሱ ያለ ምክንያት አይደለም። ከፌዶራ 42 ጀምሮ የሲስተሙ ሥር የሚቀርበው ኮምፖዝኤፍኤስ በተባለ ለንባብ ብቻ በሆነ አሠራር ስለሆነ፣ «ዲኤፍ» ብቻ ብለው ቢጠይቁ የሥሩ መስመር መቶ በመቶ የሞላ መስሎ ይታያል። አንድ ሠልጣኝ ይህን አይቶ ዲስኩ ሞላ ብሎ ቪዲዮዎቹንና የትምህርት ፋይሎቹን መሰረዝ ጀምሮ ነበር፤ ደርሼ አስቆምኩት። ትክክለኛው ቁጥር የ«ቫር» ነው። ከ10 ጊጋባይት ያነሰ ክፍት ቦታ ካለ እኔ ሥራውን አልጀምርም።

የኢንተርኔት ዳታም ይታሰብበት። ኦስትሪ የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ ያወርዳል፤ ሆኖም ከእትም ወደ እትም በሚደረግ ሽግግር አብዛኛው ፋይል ስለሚለወጥ የሚወርደው ከአንድ ጊጋባይት ማለፉ አይቀርም። በስልክ ዳታ የሚጠቀሙ ከሆነ በዋይፋዩ ቅንብር ውስጥ ግንኙነቱ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ምልክት ያድርጉበት፤ ያን ጊዜ የሶፍትዌር ማዕከሉ እርስዎ ሳያዙት ከጀርባ ጥቅልዎን አይጨርስም። እርስዎ በተርሚናል የሚሰጡትን ትእዛዝ ይህ ምልክት አያግደውም።

አሁን የሲስተሙን ሁኔታ ይመልከቱ፦

አርፒኤም-ኦስትሪ ስታተስ

የሚወጣው ዝርዝር ብዙውን ጊዜ ሁለት ቅጂዎችን ያሳያል። ከጎኑ ጥቁር ነጥብ ያለበት አሁን የሚሠሩበት ነው። ከእያንዳንዱ ቅጂ ሥር እርስዎ በሲስተሙ ላይ ደርበው የጫኗቸው ፓኬጆች ካሉ ስማቸው ተዘርዝሮ ይታያል። ይህን ዝርዝር በወረቀት ይገልብጡት ወይም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ሽግግሩ እንቢ ካለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የአማርኛ ፊደል ፎንቶችን በዚህ መንገድ የደረቡ ከሆነ ያንሷቸው። ፎንት በራስዎ ፎልደር ውስጥ «.ሎካል/ሼር/ፎንትስ» በሚለው ቦታ ሲቀመጥ ለሊብሬኦፊስም ሆነ ለሌሎቹ የፍላትፓክ ፕሮግራሞች ይታያል፤ ከሲስተሙ ጋርም ምንም ግንኙነት አይኖረውም። እኔ ጋ ለጽሕፈት የሚያገለግሉት የግእዝ ፎንቶች በሙሉ የሚገኙት እዚያ ነው።

ነባሩን ማዘመንና ማሰር

ከ42 በቀጥታ መዝለል ሳይሆን በቅድሚያ 42ን ራሱን ወቅታዊ ማድረግ ያስፈልጋል፦

አርፒኤም-ኦስትሪ አፕግሬድ

ሲጨርስ ማሽኑን ሪስታርት ያድርጉና ደኅና መሥራቱን ይመልከቱ። ከዚያ ይህን በደንብ የሚሠራ ቅጂ ማንም እንዳይሰርዘው አስረው ያቆዩት። ሲልቨርብሉ በተፈጥሮው ሁለት ቅጂዎችን ብቻ ስለሚይዝ፣ ወደ 43 ከተሻገሩ በኋላ አንድ ማዘመኛ ሲጨምሩ 42 ከዝርዝሩ ይወጣል። ማሰሪያው ትእዛዝ ይህ ነው፦

ሱዶ ኦስትሪ አድሚን ፒን 0

ዜሮው በስታተስ ዝርዝር ላይ ከላይ የመጀመሪያውን ቅጂ ያመለክታል። ትእዛዙን ከመስጠትዎ በፊት ጥቁሩ ነጥብ ያለበት ከላይ የመጀመሪያው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሁለተኛው ላይ ከሆነ ቁጥሩ 1 ይሆናል። ስታተስን ደግመው ሲጠይቁ ቅጂው መታሰሩን የሚገልጽ መስመር ይጨመርበታል።

ሽግግሩ

የሚሻገሩበት ቅርንጫፍ (አዲሱ ሲስተም የሚወርድበት ስም) መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ፦

ኦስትሪ ሪሞት ሬፍስ ፌዶራ

ብዙ ስሞች ይወጣሉ፤ ከእነሱ መካከል 43ን፣ ኤክስ86_64ን (የፕሮሰሰሩን ዓይነት) እና ሲልቨርብሉን የያዘውን ይፈልጉ። ካገኙት ዋናውን ትእዛዝ ይስጡ፦

አርፒኤም-ኦስትሪ ሪቤዝ ፌዶራ:ፌዶራ/43/ኤክስ86_64/ሲልቨርብሉ

ከዚህ በኋላ ማውረዱ ይጀምራል፤ እርስዎም ማሽኑ ላይ ሥራዎን መቀጠል ይችላሉ። እኔ ራሴ በዚህ ሰዓት የደንበኛ ደብዳቤ እየተየብኩ ነው የማሳልፈው፤ የሚሠሩበት ቅጂ አንድም ፋይሉ አይነካም።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በሦስት ጊዜያት ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል። በማውረድ ላይ ሳለ ኢንተርኔት ብቻ ከተቋረጠና ማሽኑ ካልጠፋ፣ ትእዛዙን ደግመው ሲሰጡ የወረደውን ይዞ ከቀረው ይቀጥላል። ማሽኑ ራሱ ከጠፋ ግን በግማሽ የወረደው ፋይል ዲስክ ላይ በትክክል ስለመጻፉ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል ኦስትሪ ይጥለውና ማውረዱን እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህ ዳታ ያስከፍላል፤ ሲስተሙን ግን አያበላሽም። በዚህ ምክንያት የማወርደው በላፕቶፕ ባትሪ ወይም በዩፒኤስ ላይ ሆኜ ነው፤ ዩፒኤሱ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ቢሆን እንኳ አጭሩን መቆራረጥ ያሳልፋል።

ሦስተኛው ጊዜ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ትእዛዙ ሥራውን ጨርሶ ሪስታርት ያድርጉ ሲልዎት አዲሱ ቅጂ ገና ተረኛ ሆኖ አልተመዘገበም፤ ለጊዜው በተጠንቀቅ ላይ ነው። የማስነሻው ዝርዝር የሚለወጠውና «ኢቲሲ» በተባለው ፎልደር ውስጥ ያሉት የእርስዎ ቅንብሮች ከአዲሱ ጋር የሚዋሐዱት ማሽኑ በሥርዓት በሚዘጋበት ቅጽበት ነው። በተጠንቀቅ ያለው ቅጂ መረጃ የሚቀመጠው ማሽኑ ሲጠፋ በሚጸዳ ጊዜያዊ ቦታ ስለሆነ፣ በዚህ መሀል መብራት ቢጠፋ ወይም የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭነው ይዘው በኃይል ቢያጠፉት ማሽኑ ሲነሣ ምንም እንዳልተደረገ ሆኖ 42 ላይ ያገኙታል። እኔም መጀመሪያ ላይ ይህ ደርሶብኝ ሽግግሩ የከሸፈ መስሎኝ ነበር። አልከሸፈም፤ ትእዛዙን ደግሜ ስሰጥ ያለ ችግር አለፈ። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ሳይውሉ ሳያድሩ በዚህ ትእዛዝ ሪስታርት ያድርጉ፦

ሲስተምሲቲኤል ሪቡት

ማሽኑ በሚዘጋበት ጊዜ ከወትሮው ትንሽ ቢቆይ ይታገሡት፤ ወሳኙ ሥራ የሚሠራው በዚያች አፍታ ነው።

ሽግግሩ እንቢ ካለ

ትእዛዙ ስህተት አሳይቶ ቢቆም ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሆናል፣ ወይ ጭራሽ አይሆንም። የስህተቱን መልእክት ያንብቡና ከወረቀቱ ዝርዝር ጋር ያስተያዩት። በጣም የተለመደው ምክንያት አርፒኤም ፊውዥንን የመሰሉ ተጨማሪ የሶፍትዌር ምንጮች ለ42 ብቻ በሚያገለግል ፋይል ተደርበው መገኘታቸው ነው። መፍትሔው የተደረበውን ማንሳት ነው፦

አርፒኤም-ኦስትሪ አንኢንስቶል

ብለው ቀጥለው የፓኬጁን ስም ይጽፋሉ። ብዙ ፓኬጆች ከደረቡና የትኛው እንዳስቸገረ ካልታወቀ፣ አርፒኤም-ኦስትሪ ሪሴት የሚለው ትእዛዝ የተደረበውን ሁሉ ያነሳል፤ ከተሻገሩ በኋላ የሚያስፈልጉትን ብቻ መልሰው ይጭናሉ። በእኔ እምነት በሲስተሙ ላይ መደረብ ያለበት ከፍላትፓክም ከኮንቴይነርም የማይገኝ ነገር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የአንዳንድ ማተሚያ ማሽኖች ድራይቨር። እያንዳንዱ የተደረበ ፓኬጅ በየማዘመኛው ከአዲሱ ቅጂ ጋር እንደገና ስለሚገጣጠም ጊዜም ይወስዳል፣ እንቅፋትም ይሆናል።

ከተሻገሩ በኋላ

ስታተስን ጠይቀው ጥቁሩ ነጥብ 43 ላይ መሆኑን ይመልከቱ። ከዚያ የማይቀሩትን በእጅዎ ይፈትሹ። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል አያለሁ፦ በአማርኛ ኪቦርድ ሁለት ሦስት መስመር እተይባለሁ፤ አንድ ገጽ አትማለሁ፤ ድምፅና ፕሮጀክተር እሞክራለሁ። ኪቦርዱን ስሞክር በተለይ «ኘ»ን፣ «ጰ»ን፣ «ፀ»ን እና እንደ «ቧ» ያሉትን ፊደላት አስገባለሁ፤ ችግር ካለ ቶሎ የሚታየው በእነሱ ላይ ነው። ከዚያም የፍላትፓክ ፕሮግራሞችን አዘምናለሁ፦

ፍላትፓክ አፕዴት

ኮንቴይነሮቹ ከሲስተሙ ጋር አብረው አልተሻገሩም። የ42 ቱልቦክስ በ43 ላይም መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሆኖም የራሱ የድጋፍ ጊዜ ሲያልቅ የጥገና ማዘመኛ አያገኝም። ኮንቴይነርን ማደስ ማለት አዲስ መሥራት ነው እንጂ አሮጌውን መጠገን አይደለም። በቅድሚያ አሮጌው ውስጥ ይግቡና በእጅዎ የጫኗቸውን ፓኬጆች ስም ያውጡ፦

ዲኤንኤፍ ሪፖኩዌሪ --ዩዘርኢንስቶልድ

ዝርዝሩን በራስዎ ፎልደር ውስጥ በፋይል ያስቀምጡት፤ ቱልቦክስ የእርስዎን ፎልደር ከሲስተሙ ጋር ስለሚጋራ ፋይሉ ከአዲሱም ኮንቴይነር ይገኛል። ከዚያ ወጥተው አዲሱን ይሥሩ፦

ቱልቦክስ ክሪኤት --ዲስትሮ ፌዶራ --ሪሊዝ 43

ቱልቦክስ ኢንተር ብለው ሲገቡ ከዝርዝሩ የሚያስፈልግዎትን በዲኤንኤፍ ይጭናሉ። የፓይተን ተማሪዎች እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ፌዶራ 42 የያዘው ፓይተን 3.13ን ሲሆን ፌዶራ 43 ደግሞ 3.14ን ነው፤ ስለዚህ በአሮጌው ኮንቴይነር የፈጠሯቸው የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንቶች ፋይላቸው ቢኖርም በአዲሱ አይሠሩም። ኮዱ ይቀራል፣ ኢንቫይሮንመንቱ ግን እንደገና ይፈጠራል። አዲሱ ኮንቴይነር ሁሉን ማሟላቱን ሳያረጋግጡ አሮጌውን አያጥፉ።

ወደ 42 መመለስ ቢያስፈልግ

43 ጭራሽ ካልተነሣ ማሽኑ ሲከፈት የኢስኬፕ ቁልፍን በመጫን ወይም ሺፍትን ተጭኖ በመያዝ የማስነሻውን ዝርዝር ያምጡና 42ን ይምረጡ። ይህ ምርጫ ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተነሥቶ የሚሠራ ሆኖ ካልተስማማዎት ደግሞ፦

አርፒኤም-ኦስትሪ ሮልባክ

ብለው ሪስታርት ሲያደርጉ ቀድሞ የነበረው ቅጂ ተመልሶ ተረኛ ይሆናል። የስታተስ ዝርዝሩ ከላይ 42ን ማሳየቱን ከሪስታርቱ በፊት ያረጋግጡ።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ «ኢቲሲ» ፎልደር አለው፤ የይለፍ ቃል፣ የዋይፋይ ቁልፍና የማተሚያ ቅንብር የሚቀመጡትም እዚያ ነው። በ43 ላይ ሳሉ የይለፍ ቃልዎን ቀይረው ወደ 42 ቢመለሱ የሚሠራው የድሮው ቃል ነው። አንድ ባልደረባዬ አዲሱን የይለፍ ቃል ደጋግሞ እየጻፈ ማሽኑ አልቀበል ሲለው ሰው የገባበት መስሎት ደንግጦ ጠርቶኝ ነበር፤ የድሮውን ሲያስገባ ከፈተለት። ስለዚህ ሽግግሩ እስኪረጋጋ ድረስ የይለፍ ቃል አይቀይሩ፤ ከቀየሩም የድሮውን አይርሱ።

የቀሩት ማሽኖችና ማጽዳት

ስምንቱን ማሽኖች በአንድ ቀን አላሻግርም። መጀመሪያ የማሻግረው የራሴን ሲሆን ለአንድ ሳምንት እሠራበታለሁ፤ ቀጥሎ ከሠልጣኞቹ አንዱን፤ የደንበኞች ጽሑፍ የሚተየብባቸውን ሁለቱን መጨረሻ ላይ፣ ያውም ቅዳሜ ማታ ሥራ ካለቀ በኋላ። የመመረቂያ ጽሑፍ በሚጣደፍበት ወቅት ጭራሽ አልነካቸውም።

በ43 ላይ ሁለት ወይም ሦስት ማዘመኛዎች ካለፉና ቅሬታ ካልመጣ የታሰረውን 42 መፍታት ይቻላል። ስታተስን ጠይቀው የ42 ቅጂ ከላይ ሲቆጠር ስንተኛ መሆኑን ይዩ፤ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ሦስተኛው ላይ ያለው ቅጂ ቁጥሩ 2 ነው፦

ሱዶ ኦስትሪ አድሚን ፒን --አንፒን 2

የተፈታው ቅጂ በሚቀጥለው ማዘመኛ በራሱ ይወገዳል፣ ቦታውም ይለቀቃል። አሮጌውን ኮንቴይነርም በዚሁ ጊዜ ያጥፉት፦

ቱልቦክስ አርኤም ፌዶራ-ቱልቦክስ-42